ማግኔቱ ታካሚና አስታማሚ አይለይም

በሐምሌ 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት፣ ዌስትበሪ በተባለ አካባቢ፣ አንድ የ61 ዓመት ሰው በኤምአርአይ ማሽን ተስበው ሕይወታቸው አለፈ። ሰውየው ታካሚ አልነበሩም። የጉልበት ምርመራ የተደረገላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ከአልጋው እንዲያነሷቸው ጠርተዋቸው ሲገቡ፣ ለስፖርት አንገታቸው ላይ ያጠለቁት ዘጠኝ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰንሰለት በማግኔቱ ተሳበ፤ በማግስቱ አረፉ። ፖሊስ ሰውየው የገቡት ሳይፈቀድላቸው እንደሆነ ገልጿል። ባለቤታቸው በበኩላቸው ሰንሰለቱን የማዕከሉ ባለሙያ ከዚያ ቀደምም አይቶት እንደነበርና እንዲያውም እንደተነጋገሩበት ለአካባቢው ቴሌቪዥን ተናግረዋል።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ነገር ይነገራል። አንዱ «ኤምአርአይ ይገድላል» የሚል ፍርሃት ነው። ሌላው «ሰውየው ራሱ ጥፋተኛ ነው፣ ብረት አይገባም ተብሎ የለም እንዴ?» የሚል ፍርድ ነው። ሁለቱም ከችግሩ ያርቃሉ። በየዓመቱ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በኤምአርአይ ተመርምረው በሰላም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአንድ ሰው ስንፍና ብቻ አይሆንም። ከምርመራ በፊት የሚደረገው ማጣራት፣ ማለትም ማን ምን ይዞ፣ በሰውነቱ ውስጥ ምን ኖሮት ወደ ክፍሉ እንደሚገባ የማረጋገጥ ሥራ፣ አንድ ቦታ ላይ ክፍተት ነበረበት ማለት ነው።

መብራት ሲጠፋ የማይጠፋው

ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ የሰውነትን የውስጥ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ ነው። እንደ ራጅና እንደ ሲቲ ስካን ጨረር አይጠቀምም። «ጨረር የለውም» የሚለው እውነት ግን በብዙ ሰው ጆሮ «ምንም አያደርግም» ሆኖ ይደርሳል። የራጅ ማሽን ጨረር የሚያመነጨው ባለሙያው ቁልፉን በተጫነባት ቅጽበት ብቻ ነው። የኤምአርአይ ማግኔት ሌትም ቀንም፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ኖረ አልኖረ፣ በሥራ ላይ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። በአብዛኞቹ ማሽኖች ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። በዚህ ቅዝቃዜ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ የሚያግደው ነገር ስለሌለ አንዴ ከተሞላ በኋላ ከውጭ ኃይል ሳይፈልግ ይዞራል። መብራት ቢጠፋ፣ ስክሪኑ ቢጨልም፣ የማሽኑ ጩኸት ጸጥ ቢል ማግኔቱ እንዳለ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህ መታወቅ አለበት፤ «መብራት ስለሌለ ማሽኑ ጠፍቷል» ብሎ ቃሬዛ ይዞ የሚገባ ሰው ሊኖር ይችላልና። ጎናቸው ክፍት የሆነውና ኃይላቸው አነስ ያለው ማሽኖችም ቢሆኑ ማግኔት ናቸው።

የኃይሉ መጠን በቴስላ ይለካል። በሆስፒታሎች የተለመደው 1.5 ቴስላ ማሽን ከምድራችን የማግኔት ኃይል 30,000 ጊዜ ገደማ ይበልጣል፤ 3 ቴስላው ደግሞ የዚያ እጥፍ ነው። ሰውን የሚያታልለው ኃይሉ የሚጨምርበት መንገድ ነው። በሩ አጠገብ ቆሞ ምንም ያልተሰማው ሰው ጥቂት እርምጃ ሲጨምር በእጁ የያዘውን ነገር መቆጣጠር ያቅተዋል፤ መሳቡ ወደ ማሽኑ አፍ ሲጠጉ በድንገት ነው የሚበረታው። ስለዚህ «ሲስበኝ እመለሳለሁ» የሚባል ነገር የለም። በአደጋ ጊዜ ሂሊየሙን ወደ ውጭ አስወጥቶ ማግኔቱን የሚያጠፋ «ክዌንች» የሚባል ቁልፍ አለ። እሱም ቢሆን ኃይሉን በቅጽበት አያጠፋውም። ጋዙ ወደ ክፍሉ ካፈተለከ ደግሞ የሚተነፈሰውን አየር ያሳጣል።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ (የምስል ምርመራ ሐኪሞች የሙያ ማኅበር ነው) ይህን በማሰብ የምርመራውን ስፍራ በአራት ቀጠና እንዲከፈል ይመክራል። የመጀመሪያው ማንም የሚገባበት ነው፤ ሁለተኛው ታካሚው የሚጠየቅበትና ልብስ የሚቀይርበት፤ ሦስተኛው በቁልፍ የሚጠበቅና ያልተጣራ ሰው የማያልፍበት፤ አራተኛው ማሽኑ ያለበት ክፍል። መመሪያው የወጣው ከአንድ ሕፃን ሞት በኋላ ነው። በ2001 በኒውዮርክ ግዛት ቫልሃላ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የስድስት ዓመት ልጅ በማስተኛ መድኃኒት ተኝቶ ማሽኑ ውስጥ ሳለ የኦክስጅን አቅርቦቱ ተስተጓጎለ። ሊረዱት በተጣደፉ ሰዎች በኩል የገባው የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተወርውሮ ልጁን ገደለው።

ብረቱ በማን እጅ ገባ?

በስፋት የተዘገቡትን አደጋዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በ2018 ሙምባይ ውስጥ የሞተው የ32 ዓመት ወጣት ዘመዱን ሊያስታምም የመጣ ነበር። ቤተሰቡ እንደተናገረው «ማሽኑ ጠፍቷል» ተብሎ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ገባ። በ2021 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ ከተማ ማሽኑ ውስጥ የተኛውን ታካሚ የገደለውም አጠገቡ የነበረ ሲሊንደር ነው። በ2023 በብራዚል ሳኦ ፓውሎ እናቱን ያጀበ ጠበቃ ሽጉጡን በልብሱ ውስጥ እንደያዘ ገባ፤ ሽጉጡ በማግኔቱ ተስቦ ተኮሰ፣ ሰውየውም ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ላቦራቶሪው እናትም ልጅም መመሪያው እንደተነገራቸውና እንደፈረሙ አስታውቋል። በእነዚህ ሁሉ ብረቱ በታካሚው ሰውነት ውስጥ የነበረ አይደለም። ያስገቡት አስታማሚዎች ናቸው፣ ወይም የሆስፒታሉ የራሱ ሰዎች።

ይሁንና የማጣሪያ ቅጾች የሚጨነቁት በዋነኛነት ስለ ታካሚው ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1986 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የነበረ ሠራተኛ በምርመራው ምክንያት ዓይኑ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደተጎዳ ይናገራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአንጎሏ የደም ሥር ላይ ማግኔት የሚስበው መቆንጠጫ የነበራት ታካሚ ሞታለች። ስለዚህ ቅጹ በዓመታት ውስጥ እየረዘመ ሄደ፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ የጆሮ መሣሪያ፣ መቆንጠጫ፣ ፍንጣሪ እያለ ይዘረዝራል። ተገቢም ነው። ታካሚው ግን ቢያንስ ይጠየቃል፣ ልብሱን ይቀይራል። ከጎኑ ያለው ሰው ግን ከመንገድ እንደመጣ፣ ቁልፉንና ስልኩን በኪሱ ይዞ ነው የሚቆመው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክፍተት ይሰፋል። በእኛ ሆስፒታል አስታማሚ ጠያቂ ብቻ አይደለም። ታካሚውን ይሸከማል፣ ዊልቸር ይገፋል፣ ጉሉኮስ አንጠልጥሎ ይቆማል፣ ፋይል ይዞ ከክፍል ክፍል ይሮጣል። ማሽኖቹ በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ስለሚገኙ ከሩቅ የመጣ ታካሚ ሁለት ሦስት ዘመድ ያጅበዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ከደግነትና ከጭንቀት የተነሣ ነው፤ ማንም «እናንተስ?» ብሎ አይጠይቃቸውም። የሻሽ ስፒል፣ የአንገት መስቀል፣ ሳንቲም፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ተራው የሆስፒታል ዊልቸር ራሱ፣ ሁሉም በዚያ በር ሊያልፉ ይችላሉ። ለምርመራ በማስተኛ መድኃኒት ከሚተኛ ልጇ ጋር የምትገባ እናት ልክ እንደ ልጁ መጠየቅ አለባት።

ጥያቄው በአማርኛ ሲጠየቅ

መጠየቅ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2002 የታተመ አንድ ዘገባ በኒውዮርክ ግዛት ሮችስተር ከተማ ለምርመራ የመጣ ፖሊስ ሽጉጥ መያዙን አስቀድሞ እንደተናገረ ይገልጻል። ባለሙያው ይዞት እንዲመጣ ነገረው፤ ሐሳቡ ከክፍሉ ውጭ ተቀብሎ ሊያስቀምጥለት ነበር። ፖሊሱ ግን ይዞት ወደ ማሽኑ ክፍል ገባ፣ ሽጉጡም ከእጁ ተነጥቆ ተኮሰ። ሰው አልተጎዳም። ጥያቄው ተጠይቆ፣ በእውነት ተመልሶ፣ መግባባት ግን አልተቻለም። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ቋንቋ እንደነበር ልብ ይሏል።

አሁን ይህን ወደ አማርኛ እናምጣው። «በሰውነትዎ ውስጥ የተቀበረ ብረት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው በቀዶ ሕክምና የገባ ነገርን ነው። ከዓመታት በፊት በጦርነት ቆስሎ ፍንጣሪው ሳይወጣ ቁስሉ የዳነለት ሰው «የለም» ይላል፤ ስላልቀበረው። ማኅፀኗ ውስጥ ሉፕ ያላት ሴት ሉፕን የወሊድ መከላከያ እንጂ ብረት ብላ አታስበውም (ከመዳብ የሚሠራው የተለመደው ሉፕ በእነዚህ ማሽኖች ምርመራን አይከለክልም፤ መታወቅ ግን ይኖርበታል)። በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ደግሞ ብረት የለውም፤ «ተቀብሯል» የሚለው ቃል ብቻ ግን ሴትዮዋን ሊያስደነግጥና ከምርመራ ሊያስቀራት ይችላል። በብየዳ ወይም በሞረድ ሥራ ዕድሜውን ያሳለፈ ሰው ዓይኑ ውስጥ ደቃቅ ብረት መግባቱን ጨርሶ ላያውቀው ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው ስለ ዕቃው ስም ሳይሆን ስለ ሰውየው የሕይወት ታሪክ ቢሆን ይሻላል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል? የት ሆስፒታል፣ በየትኛው ዓመት? ጥይት ወይም ፍንጣሪ መትቶዎት ያውቃል? ብረት የሚቆረጥበት ወይም የሚበየድበት ቦታ ሠርተው ያውቃሉ? ዓይንዎ ውስጥ ብረት ገብቶ ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቃሉ? የተጠራጠረ ባለሙያ አስቀድሞ በራጅ ማረጋገጥ ይችላል። ሰውነት ላይ የተለጠፈ የመድኃኒት ፕላስተር፣ ቀጭን ሽቦ የተሰፋበት የፊት ጭምብል፣ በሰው ሠራሽ ጸጉር ውስጥ የተደበቀ የብረት ማስያዣ፣ እነዚህም ይጠየቃሉ። የማሽኑ የሬዲዮ ሞገድ ሽቦና ስስ ብረት ያለበትን ነገር ያሞቀዋልና። ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየዓመቱ ከሚደርሱት 300 ገደማ የኤምአርአይ አደጋ ሪፖርቶች በብዛት የሚታየው በማግኔቱ በተወረወረ ብረት መመታት አይደለም፤ ቃጠሎ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2020 ብረት ስላለበት ጭምብል ያስጠነቀቀውም ፊቱ ላይ የተቃጠለ ታካሚ ሪፖርት ስለደረሰው ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ፤ አስተርጓሚው ማን ነው? እናቱን ይዞ የመጣ ልጅ «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር፣ ሉፕ አለሽ ወይ?» ብሎ ሊጠይቃት አይደፍርም፣ እሷም አትመልስለትም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም አይፈቀድም። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት መብት ነው።

ስምም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ሆስፒታሎች ትክክለኛው ታካሚ መሆኑን ቢያንስ በሁለት መለያ ያረጋግጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ በስምና በትውልድ ቀን። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የአባቱ ስም አንዴ እንደ መካከለኛ፣ አንዴ እንደ መጨረሻ ስም ተመዝግቦ ሁለት ፋይል ይከፈትለታል። የትውልድ ቀኑ ደግሞ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ይዛባል፣ ወይም በስደት ወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ላይ «አቶ ከበደ ነዎት?» የተባለ ሽማግሌ በደንብ ባይሰማም «አቤት» ይላል፤ ይህ ወግ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። «ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሌላ ሰው ምርመራ እንዳይደረግለት ግን ያድነዋል።

«አይቻልም» ማለትም ዋጋ አለው

ማጣራትን ማጥበቅ ሁልጊዜ ደኅንነትን ይጨምራል የሚለው አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ያላቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት ኤምአርአይ በጅምላ ይከለከሉ ነበር። በ2017 ይፋ የሆነ፣ 1,500 ምርመራዎችን የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ግን ለኤምአርአይ ያልተፈቀዱ መሣሪያዎች ቢኖሯቸውም እንኳ፣ በሠለጠነ ባለሙያና በጥንቃቄ ከተመረመሩ ሰዎች መካከል በምርመራው ጊዜ አንድም እንዳልሞተ አሳይቷል። ዛሬ መሣሪያዎች በሦስት ይመደባሉ፤ ምንም የማያሰጋ፣ በተወሰነ ሁኔታ የሚፈቀድ፣ ፈጽሞ የማይገባ። ትልቁ ሥራ ያለው መካከለኛው ምድብ ላይ ነው። የመሣሪያው ዓይነት ካልታወቀ ባለሙያው ሊፈርድ አይችልምና፣ የቀዶ ሕክምና ማስረጃንና የመሣሪያውን ካርድ ማስቀመጥ የታካሚው ድርሻ ነው።

ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስትም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በኤምአርአይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ኩላሊታቸው በጣም በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያደድር በሽታ እንደሚያስከትል በ2006 ታወቀ። ኩላሊትን አስቀድሞ ማየትና የተሻሉትን ዓይነቶች መምረጥ ከተለመደ በኋላ በሽታው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ማጣራት እንዲህ የሠራበት ቦታ ብዙ አይገኝም። በሲቲ ስካን በሚሰጠው አዮዲን ያለበት ኮንትራስት በኩል ግን «ዓሣ የማይስማማው ሰው ኮንትራስት አይወስድም» የሚለው የቆየ እምነት መሠረት የለውም። መጠየቅ ያለበት ከዚህ በፊት ኮንትራስት ወስዶ ምን ሆነ የሚለው፣ የኩላሊቱ ሁኔታ፣ እንዲሁም የስኳር ታማሚ ከሆነ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዱ ነው።

እርግዝና ላይ የሚፈጸመው ስህተት በሁለቱም በኩል ነው። ሳይጠየቁ የሚመረመሩ ሴቶች አሉ። ሳያውቁ ራጅ ተነሥተው በኋላ እርጉዝ መሆናቸውን ሲረዱ በፍርሃት ፅንሱን ለማቋረጥ የሚያስቡም አሉ። ዓለም አቀፉ የጨረር ጥበቃ ኮሚሽን ፅንሱ የደረሰው ጨረር ከ100 ሚሊግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በታች ከሆነ በዚያ ምክንያት እርግዝና ማቋረጥ ተገቢ እንዳልሆነ ገልጿል። የተለመዱት ምርመራዎች ከዚህ መጠን እጅግ ያነሱ ናቸው። የደረት ራጅማ ለፅንሱ የሚያደርሰው ከአንድ መቶኛ ሚሊግሬይ በታች ነው። ጥያቄው ግን ባል ወይም አማት በሌለበት መቅረብ አለበት፤ «እርጉዝ ነሽ?» ከማለትም የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበትን ቀን መጠየቅ እውነቱን ያወጣል።

ወረቀት፣ መሣሪያ፣ ሰው

መፍትሔው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። አንደኛው ወገን የተሟላ የማረጋገጫ ዝርዝር ይፈልጋል፤ ማስረጃውም ከቀዶ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ዝርዝር ከታንዛኒያዋ ኢፋካራ እስከ ለንደን ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። በ2014 የወጣው የካናዳ ኦንታሪዮ ጥናት ግን በግዛቲቱ 101 ሆስፒታሎች ዝርዝሩ ግዴታ ከሆነ በኋላ የጎላ ለውጥ አላገኘም። ለልዩነቱ የሚቀርበው አሳማኝ ማብራሪያ፣ ዝርዝሩ ቡድኑ ቆም ብሎ የሚነጋገርበት አጋጣሚ ሲሆን ይሠራል፣ የሚሞላ ወረቀት ሲሆን ግን አይሠራም የሚል ነው። በሳኦ ፓውሎ የተፈረመው ቅጽም ይህንኑ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ወገን በር ላይ የሚተከል መፈተሻን ይመርጣል። ይህ መሣሪያ ከኤርፖርቱ የሚለየው ማግኔት የሚስበውን ብረት ብቻ ለይቶ በመጮኹ ነው። ሰው የረሳውን ያስታውሳል፤ ለአስታማሚውም ለሐኪሙም እኩል ይጮኻል። ድክመቱ ሁሉንም አለማየቱና ቶሎ ቶሎ ሲጮኽ ሠራተኛው መስማት መተዉ ነው። የራዲዮሎጂ ኮሌጁ እንደ አጋዥ ይቀበለዋል፣ በጥያቄ ፋንታ ግን አይደለም። ሦስተኛው ክርክር የሰው ኃይል ነው። አንድ ባለሙያ ብቻውን ታካሚ ሲያስነሣ፣ ስክሪን ሲያይና በር ሲጠብቅ አንዱን መሳቱ አይቀርም። ኮሌጁ ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች እንዲኖሩ የሚመክረው ለዚህ ነው።

የማዘንበው ወደ ሦስተኛው ነው። ዝርዝሩም መፈተሻውም የሚሠሩት በሩን የሚጠብቅ ሰው ሲኖርና ያ ሰው ማንንም የማስቆም ሥልጣን ሲኖረው ነው። ወጣት ራዲዮግራፈር (የምስል ምርመራ ባለሙያ) ስልኩን በኪሱ ይዞ የሚገባውን ከፍተኛ ሐኪም «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አይገቡም» ማለት ከፈራ በሩ ክፍት ነው። የአስታማሚም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ባለሙያው ብቻውን ከሆነ የዘመድ ጉልበት ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ያስገባዋል። ብረት አልባ ዊልቸርና ታካሚን የሚያነሣ ሁለተኛ ሰው ካለ ግን አስታማሚው ውጭ መቆየት ይችላል። ከዌስትበሪ ወዲህ ማዕከላት አጃቢዎችን ከበሩ ማዶ ማስቀረት ማጥበቃቸው የሚጠበቅ ነው፤ ቤተሰቦችም «አብሬ ልግባ» ሲሉ እምቢ መባላቸውን እንደ ንቀት ባይወስዱት መልካም ነው።

የበሩ ጠባቂ ጉዳይ በሥራ ሰዓት ብቻ አያበቃም። ማታ የመጨረሻው ታካሚ ከወጣ በኋላ ፅዳት ሠራተኛዋ ባልዲና መወልወያ ይዛ ትመጣለች፣ የጥበቃ ሠራተኛው መሣሪያውን አንግቶ ይዞራል፣ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥረቢያና የአየር ሲሊንደር ይዘው ይደርሳሉ። እነዚህ ሰዎች የታካሚውን ቅጽ አይተውት አያውቁም። በሩ ማታ መቆለፉ፣ ቁልፉ ከሠለጠነ ሰው ጋር ማደሩ፣ ማግኔቱ ሁልጊዜ እንደሚሠራ በሚያነቡት ቋንቋ በሩ ላይ መጻፉ፣ ለእያንዳንዳቸውም ሥራ ሲጀምሩ በቃል መነገሩ ከመፈተሻው መሣሪያ በፊት ሊደረጉ የሚችሉ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች ናቸው።